በሬሳ ሳጥኔ ላይ ስለሚቆመው ፎቶግራፍ

እኔ ዓንዶም ተስፉ፣ ዕድሜዬ ሃምሳ ስድስት፣ ሥራዬ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ዛሬ ቅዳሜ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ከላምበረት መናኸሪያ ወረድ ብሎ በሚገኘው ቤቴ ተቀምጬ ኑዛዜዬን በቃሌ እናገራለሁ። የታመመው ልቤ ነው፤ አእምሮዬ ደኅና ነው። ማክሰኞ ሐኪሞች ደረቴን ከፍተው ቫልቩን ይቀይሩታል። የምናገረውን የሚጽፈው ጠበቃ ኦላና ነው፤ ዩኒቨርሲቲ አብረን ተምረናል፣ ያኔም የእጅ ጽሕፈቱ ከእኔ ይሻል ነበር። የአራቱ ምስክሮች ስም ከታች አለ። ታላቅ እኅቴ አስመረት ስጦታ ስለምትቀበል ምስክር ልትሆን አትችልም፤ ውጪ ብትባልም አልወጣችም። ልጄ ሰምሃር በሩ አጠገብ ቆማለች።

ኦላና ንዴቱን ትቼ ስለ ንብረቱ ብቻ እንድናገር መክሮኛል። ንብረቴን ለማን እንደምሰጥ የሚያስረዳው ንዴቴ ስለሆነ ሁለቱም ይጻፉ።

ይህ ኑዛዜ ዛሬ የተጻፈበት ምክንያት የሚከተለው ነው። ኅሙስ ዕለት በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የራሴን ፎቶግራፍ አየሁ። ኮትና ከረባት አድርጌአለሁ፤ ኮቱም ከረባቱም የእኔ አይደሉም። ጢሜ ጠቁሯል፤ ከዓይኔ ሥር የነበረው ሁሉ ተጠርጓል። ከኋላዬ ነጭ ደመና አለ። ከሥሩ አስመረት «ይሄ ይሻላል ወይስ ባለ ሰማያዊው? ሳጥኑ ላይም ባነሩም ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። ለማንኛውም ብዬ ነው» ብላ ጽፋለች። የአክስታችን ልጅ ዳናይት «ደመናው ያምራል» ብላ መልሳለች። አስመረት እኔ ግሩፑ ውስጥ መኖሬን ረስታለች፤ ግሩፑን የከፈትሁት ግን እኔ ነኝ። «ሁለቱም አይሆኑም። ዓንዶም ነኝ» ብዬ ጻፍሁ። 

አንደኛ፤ ይህ ቤት ለልጄ ለሰምሃር ይሁን። ከእናቷ ጋር ስንፋታ ንብረት ተካፍለናል፤ የምንጠያየቀው የለም። በሰሜን በኩል ያለው የሳሎን መስኮት መጋረጃ እንዳይደረግበት። ቤቱን የገዛሁት ለዚያ መስኮት ነው፤ ከክረምቱ ወራት በቀር ፀሐይ ቀጥ ብላ አትገባበትም፣ በክረምት ደግሞ ደመና ይሸፍናታል። አስመረት በየዓመት በዓሉ መጋረጃ ይዛ ትመጣለች። ሁሉም ቁም ሣጥን ውስጥ ስላሉ ይመለሱላት።

ሁለተኛ፤ ዕዳ። የገንዘብ ዕዳ የለብኝም፤ የፎቶግራፍ ዕዳ አለብኝ። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ለሚኖሩት ለወይዘሮ መብራት ፎቶግራፋቸውን አትሜ ልሰጣቸው ቃል ገብቼ እስካሁን አልሰጠሁም።

ነገሩ ከእናታችን ይጀምራል። እናታችን ስትሞት ቤት ውስጥ አንድም ፎቶግራፍ አልነበራትም። ለለቅሶው በቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለው ተወስዶ ተለቀ። ማኅተሙ አገጯ ላይ ነበረና እሱም አብሮ ተለቀ። ለቀስተኛው ሁሉ የቀበሌ ማኅተም እያየ አለቀሰ። ያኔ የኬሚስትሪ መምህር ነበርሁ። ማስተማሩን ትቼ ካሜራ ገዛሁ። «በቁም ሳሉ» የምለው ሥራዬ ይህ ነው፤ በጉርድ ሾላ፣ በላምበረት፣ በአያት፣ በአራብሳ ያሉ አረጋውያንን በየደጃቸው አነሣለሁ። ሕጉ አጭር ነው። በለበሱት ልብስ፣ በበር ወይም በመስኮት ብርሃን፣ በፊልም፣ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ። ሁለተኛ እንደሚነሣ የሚያውቅ ሰው ለመጀመሪያው ራሱን አይሰጥም። ፊት አይነካም። መጀመሪያ የሚታተመው ለባለ ፊቱ ይሰጣል። ቀኑ ሲደርስ ልጆቻቸው እኔ ዘንድ መጥተው ትልቁን ያሳትማሉ እንጂ መታወቂያ ፍለጋ መሳቢያ አያገላብጡም።

ወይዘሮ መብራት ላምበረት መናኸሪያ በር ላይ ሳምቡሳ እየጠበሱ ልጆቻቸውን አሳድገዋል። አንድ አውቶቡስ ወደ ኋላ ሲመጣ ዘይቱን ገልብጦባቸው ግራ ጉንጫቸው ተቃጥሏል። ሳነሣቸው ያንን ጉንጫቸውን ወደ ብርሃኑ ያዞሩት ራሳቸው ናቸው። አትላስ አካባቢ በአንድ ሆቴል ዐውደ ርእይ ሲዘጋጅ እኔ ሐኪም ቤት ተኝቼ ነበርና ኅትመቱን ያስተማርሁት ልጅ ታዴዎስ ሠራው። በመክፈቻው ዕለት ወይዘሮ መብራት አዲስ ነጠላ ለብሰው መጡ። ፎቶግራፋቸው ፊት ብዙ ቆሙ።

«ይቺ ማናት?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔስ አይደለሁም። እኅት የለኝም እንጂ እኅቴ ናት እል ነበር።»

ጉንጫቸው እንደ ሸክላ ሳህን ለስልሶ ነበር። ታዴዎስን ጠርቼ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ለእሳቸው ብዬ እኮ ነው» አለኝ።

«አጥፋልኝ ብለውሃል?»

«አላሉም። ግን ማን ይጠላል?»

ያን ዕለት አሰናበትሁት። አሁን አትላስ አካባቢ የራሱ ስቱዲዮ አለው። ሟች ሁሉ እሱ ዘንድ ሄዶ ወጣት ይሆናል። ኮትና ከረባቱን ያለበሰኝም፣ ደመናውን የሰጠኝም እሱ ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ ፎቶግራፍ በሚታተምበት ጨለማ ክፍል መቆም ስላቃተኝ የወይዘሮ መብራት እውነተኛ ፎቶግራፍ አልታተመም። ይታተም፤ ይሰጣቸው።

ሦስተኛ፤ ለታዴዎስ። ከዚሁ ፎቶግራፍ ሁለተኛ ቅጂ ታትሞ፣ በክፈፍ ሆኖ፣ ከኮምፒውተሩ በላይ እንዲሰቅለው አውርሼዋለሁ። ክፈፍ ሠሪው ሀይደር ከምስክሮቹ አንዱ ነው፤ እዚህ ላይ አቋረጠኝ።

«ጋሽ ዓንዶም፣ ላይሰቅለው ይችላል እኮ።»

«ባይሰቅለው የት እንደሚደብቀው ያስባል። እሱ ይበቃኛል።»

አራተኛ፤ ኔጌቲቮቹ። በብረት ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያሉት በሙሉ ይቃጠሉ። ጭሱ መርዝ ስለሆነ ግቢ ውስጥ እንዳይሆን፤ ከከተማ ወጥቶ፣ በበርሜል፣ ነፋሱ ወደ ሰው በማይነፍስበት። ምክንያቱን እናገራለሁ። የሰው ፊት ሳይነካ የሚያስቀምጥ እጅ አላገኘሁም። ተማሪዬ ነካ። እኅቴ አስነካች። ልጄ ሰምሃር በማስታወቂያ ድርጅት ተቀጥራ ለቅባት ሻጮች የሴት ቆዳ ታለሰልሳለች። ጠይቄአት «እንጀራዬ ነው» ብላኛለች። እንጀራዋ ይባረክላት፤ ኔጌቲቮቹን ግን አላምናትም።

ኦላና ይህንን ጽፎ ሳይጨርስ ሰምሃር ከበሩ ተናገረች።

«አባዬ፣ ገና በሕይወት ያሉትስ?»

«እነማን?»

«ያነሣሃቸው። ሲሞቱ ልጆቻቸው ይመጣሉ አላልክም? ካቃጠልከው ማን ያትምላቸዋል? ታዴዎስ?»

ኦላና ይጻፍ ወይ አይጻፍ ብሎ አየኝ። ይጻፍ አልሁ። እኔ ግን ወደሚቀጥለው አልፌአለሁ።

አምስተኛ፤ ለእኅቴ ለአስመረት የእናታችንን የእንጨት ወንበር ሰጥቻለሁ። ከእሱ ጋር አንድ ክልከላ አለ። የታዴዎስ ፎቶግራፍ በሳጥኔ ላይ፣ በባነር ላይ፣ በመኪና መስታወት ላይ፣ በማንኛውም ስልክ ላይ እንዳይወጣ። የሚቀብሩኝ ሰዎች የሚቀብሩትን ሰው ይወቁ። እዚህ ላይ አስመረት አቋረጠችኝ።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ምን በደልሁህ?» አለች። «የእማማ አገጭ ላይ ያንን ማኅተም ያየኸው አንተ ብቻ ነህ? እኔም ነበርሁ። አንተ ሄደህ ካሜራ ገዛህ። እኔ ደግሞ ከእንግዲህ ከዚህ ቤት ማንም ሳያምር አይወጣም ብዬ ማልሁ።»

«ማማር ይሄ ነው? ደመና ላይ መቀመጥ?»

«እሺ፣ ደመናው ይቅር። ያንተ ፎቶ የታለ? አምጣዋ። የሰውን ሁሉ ፊት ስትለቅም የራስህን የት አደረግኸው? ታዴዎስ እኮ የሠራው ከመንጃ ፈቃድህ ነው። ሌላ ምን አለ?»

ቁም ሣጥኑን በሐሳቤ ፈለግሁ። የእኔ የለም። የቀበሌው ማኅተም ባይኖርበትም ያው መታወቂያ ነው የተረፈኝ። ይህም እንዳለ ይጻፍ ብያለሁ።

ሰምሃር ሳትጠየቅ ካሜራውን ከነመቆሚያው ከጥግ አምጥታ በሰሜኑ መስኮት ፊት አቆመችው። ፊልም አጎረሰች። እጇ አልተደናገረም፤ ልጅ ሳለች እኔ እንዳሳየኋት ረስቼ ነበር። የብርሃን መለኪያውን አገጬ ሥር አስጠጋች።

«ሸሚዝ ልቀይር» አልሁ።

«በለበሱት ልብስ» አለች።

አስመረት ከቦርሳዋ ማበጠሪያ አውጥታ ተነሣች። «ቆይ፣ ፀጉሩን እንኳ ላስይዝለት።»

እኔም ጣቴን ቀስሬ «አስመረት፣ ያንን ማበጠሪያ ይዘሽ ከዚህ...» እያልሁ ሳለ ካሜራው ቀጭ አለ።

«ምን አደረግሽ? አፌ ተከፍቶ ነበር።»

«አይቼዋለሁ።»

«ድገሚው።»

«አልደግምም።»

«ሰምሃር፣ የምሞት ሰው ነኝ።»

«ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ። ጋሽ ኦላና ጽፈውታል፤ ሁለተኛው ላይ አለ።»

ኦላና ወረቀቱን ወደ ኋላ ገልጦ አየና «አለ» አለ። ሀይደር ሳቁን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረ። እኔ አልሳቅሁም። ኮሌታዬ የቆሸሸ፣ ያልተላጨሁ፣ በእኅቴ ላይ የምጮህ ሰው ሆኜ ቀርቻለሁ። ብለምናት፣ ብቆጣት፣ አባትነቴን ብጠቅስም አልደገመችውም። ፊልሙን ጠቅልላ አውጥታ በኪሷ ከተተችው።

ስለዚህ ከላይ በአራተኛው የተባለው ተሰርዟል፤ በስረዛው ላይ ሁላችንም ፈርመንበታል። በምትኩ የሚከተለው ይጻፍ። ኔጌቲቮቹ በሙሉ፣ ካሜራው፣ የጨለማው ክፍል ዕቃ ሁሉ የሰምሃር ናቸው። ያነሣኋቸው ሰዎች ልጆች ሲመጡ እሷ ታትማለች። ያላነሣኋቸውን እሷ ታነሣለች፤ የወይዘሮ መብራትን ደጅ ግን ፎቶግራፋቸውን ይዛ ከሁሉ አስቀድማ ታንኳኳለች። ቅባት ለሚሸጡት የምትሠራው ሥራ አሁንም ያናድደኛል፤ ይህን ቃሌን አላነሣም።

ማክሰኞ ካልተመለስሁ ዛሬ የተነሣው ፎቶግራፍ ታጥቦ፣ ታትሞ፣ ሳይነካ በሳጥኔ ላይ ይቁም። የመጣው ለቀስተኛ በማን ላይ እንደምጮህ ቢጠይቅ አስመረት ትናገር። ከተመለስሁም ፊልሙን አጥባ እስክታትመው ልጠብቃት ቃል ገብቻለሁ፤ የምታጥበው እሷ ናት። በኋላ አይቼው አላማረልኝም ብዬ ቀዳዳ ፍለጋ ብመጣ ሰምሃር በሩን ትዝጋብኝ።

ይህ ሁሉ በፊቴና በአራቱ ምስክሮች ፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ። አስመረት ምስክር ባትሆንም ማበጠሪያውን እንደ ያዘች መቀመጧ ይመዝገብልኝ።

ተናዛዥ፦ ዓንዶም ተስፉ (ፊርማ)
የጻፈው፦ ኦላና፣ ጠበቃ (ፊርማ)

እኛ ምስክሮች ሲናገር ሰምተናል፤ ሲነበብም ሰምተናል። ተናዛዡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አእምሮው እንደ ነበረ፣ ቁጣውም እንደ ነበረ እንመሰክራለን።

ሀይደር፣ ክፈፍ ሠሪ (ፊርማ)
ቃልአብ፣ ጎረቤት (ፊርማ)
ዓለም፣ ጎረቤት (ፊርማ)
አብዱልሰላም፣ ባለ ሱቅ (ፊርማ)