ለአምስት ጥይት የተገዛ ቤልጅግ

ማክሰኞ፣ ኦክቶ. 7፣ ንጋት 11፡40

ምሳ ተቋጥሯል። ዩኒፎርም ለብሻለሁ። መኪናዋ ውጭ እየሞቀች ነው። አሥር ደቂቃ አለኝ፤ ላንተ ነው ደብተሬ። ለሰው ልንገር ብል እጮሃለሁ።

ቅዳሜ ክርስትና ድግስ ላይ ደረጀ ቢራውን ይዞ ተነሳ። የአጎቴ ልጅ፣ ከኮሎምበስ ወጣ ብሎ ፒከሪንግተን የሚኖረው። አባቴ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ጠመንጃውን ለሱ እንዳወረሰው አወራ። እኔ እዚያው ሰሃን ይዤ ቆሜ! ወንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ውሸታም! አባቴ በነፍስ አባቱ ፊት ሲናዘዝ ቤልጅጉ የልጄ ነው ብሏል። አንድ ልጁ እኔ ነኝ። መተኮስ ያስተማረኝም እሱ ነው። ለቀብሩ የሥራ ፈቃድ ተከልክዬ እዚህ ቀረሁ፤ ደ. አገር ቤት ሄደ፣ ጠመንጃውን ሸጦ መጣ። ሦስት ዓመት ሆነው። ለሴት ምን ያደርግላታል ብሎ ነበር አሉ።

ምን እንደሚያደርግልኝ አሳየዋለሁ።

ዓርብ፣ ኦክቶ. 10፣ ማታ 1፡30

አገኘሁት! ኢንተርኔት ላይ። አሮጌ የጦር መሣሪያ የሚያስመጡ ነጋዴዎች አሉ፤ ከኛው አገር መጋዘን ሳይቀር ያመጣሉ። ያው የቤልጅግ ሥሪት። የአባቴ አይደለም፣ የአባቴን ግን ቁርጥ። ሰዉ ኢላማ ሊተኩስበት ይገዛዋል። ደ. ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሐበሻ ወንዶች ጋር ተኩስ ሜዳ እየሄደ ይኮፈሳል። ገባህ?

ሌላ እንዳይመስልህ። ሰው ላይ አፈሙዝ የማዞር ሴት አይደለሁም። የምበሳው ወረቀት ነው። በሰው ፊት አዋርዶኛል፤ በሰው ፊት አሸንፌው ጠመንጃው የሷ ነበር ብሎ በገዛ አፉ እንዲናገር እፈልጋለሁ። ሌላ ካሳ አልፈልግም።

ሊያ ስነግራት "ማም፣ አር ዩ ኦኬ?" አለች። ልጄ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቂም ምን እንደሆነ አታውቅም። አዘዝኩ።

ሐሙስ፣ ኦክቶ. 16፣ ቀን 10 ሰዓት

ቤት ድረስ አይመጣም፤ ፈቃድ ላለው ነጋዴ ነው የሚልኩት። ፍራንክሊንተን ያለች ጠባብ ሱቅ። ባለሱቁ ሽማግሌ ነጭ፣ ጨዋ ሰው። ፎርም ሞላሁ፣ መታወቂያ ሰጠሁ፣ ወንጀል እንደሌለብኝ ሊያጣራ ኮምፒውተሩን ነካካና "ዲሌይድ" አለኝ፣ ዘግይቷል። ስምሽ ይሆናል አለ። አንዱ ወረቀቴ ላይ የአባቴ ስም መሃል ነው፣ ሌላው ላይ መጨረሻ። የቀናት ነገር ነው፣ ጠብቂ አለኝ።

ሦስት ዓመት የቻልኩ ሴት ጥቂት ቀን ያቅተኛል? አቃተኝ። መኪና ውስጥ መሪውን ደበደብኩት።

ረቡዕ፣ ኦክቶ. 22፣ ማታ 2 ሰዓት

ተለቀቀልኝ! ቆሻሻው አይጣል። ጥቁር ቅባት እንደ ሙጫ ደርቆበታል። ሰደፉ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። ባለሱቁ በባትሪ እያበራ ውስጡን መረመረ፤ ያረጀ ነው ግን ይተኩሳል አለ።

ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፌ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠረግኩት። ሰደፉ ላይ አንድ ሰው በስለት መስቀል ቀርጾበታል። ማን ይሆን? የሱንም ልጅ ያታለለ ዘመድ ይኖር ይሆን? አለቀስኩ። ከዚያ በማልቀሴ ተናደድኩ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶ. 25፣ ከሰዓት

ብቻዬን ሄጄ ተኮስኩ። ወንዶቹ ከማይሄዱበት ሌላ ሜዳ፣ የአንድ ሰዓት መንገድ። የመጀመሪያዋ ጥይት ትከሻዬን ረገጠችኝ። ወረቀቱ ላይ ምንም የለም። ሁለተኛዋም ምንም። አጠገቤ የነበረ ሰውዬ አዘነልኝ፤ የነዚህ ማነጣጠሪያ ለሩቅ የተሠራ ስለሆነ በቅርብ ከፍ ይላል፣ ዝቅ አድርጊ አለኝ። ዝቅ አደረግሁ። ነካሁ! እያንዳንዷን ጥይት ሳጎርስ የደ. ቢራና የደ. ፈገግታ ይመጣብኛል።

ሰኞ፣ ኦክቶ. 27

የማስታምማቸው አሮጊት ትከሻዬ መበለዙን አይተው ማን መታሽ አሉኝ። ፖሊስ ሊጠሩ ስልክ ሊያነሱ ነበር። ጠመንጃ ነው ስላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

እሑድ፣ ኖቬ. 2፣ ከቤ/ክ መልስ

ጠመንጃ የመግዛቴ ወሬ ወጥቷል። ሊያ ለጓደኛዋ፣ ጓደኛዋ ለእናቷ፣ ከዚያማ ኮሎምበስን አዳረሰ። ደ. ሽማግሌ ላከብኝ። ጋሽ ታደሰ፣ በቤ/ክ ሁሉም የሚያከብራቸው፣ ጡረታ የወጡ ታክሲ ነጂ፣ ሁለት ሰዎች አስከትለው መጡ። ቁጭ በሉ ብል እሺ ሳትዪን አንቀመጥም አሉ። ቆሙ። እኔም ቆምኩ። ጋሽ ታደሰን ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው አውቃለሁ። አላዘንኩም።

ሃያ ደቂቃ ከቆምን በኋላ ነገርኳቸው። እርቅ እሺ። ካሳዬ ግን ከሱ ጋር አምስት አምስት ጥይት መተኮስ ነው፤ ካሸነፍኩ እናንተ ባላችሁበት እውነቱን ይናገራል። ተያዩ። አንዱ ሳቀ። ደ. ጋ ደወሉ። እሱማ በሳቅ ፈረሰ፤ ከሴት ጋር? ትምጣ አለ።

ቅዳሜ፣ ኖቬ. 8፣ ማታ 12፡30

አሸነፍኩ! ስማ፣ አሸነፍኩ!

አሥራ አንድ ሰው ነበር። እኔና ደ. ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ፊታችን መቶ ያርድ ላይ ወረቀቶቹ በአንድ ረድፍ ተሰቅለዋል። ሲፈቀድልን እኩል ጀመርን። እሱ በዘመናዊው ጠመንጃው ተንጣጣ፤ እኔ በአሮጌዬ ቀስ እያልኩ። ተኩስ አቁሙ ተባለ፣ ሁላችንም ወደ ወረቀቶቹ ሄድን። የደ. ባዶ! አንድ ቀዳዳ የለበትም። እንደተሰቀለ ነው። ወንዶቹ ከበቡት፣ ሳቁ፣ ፎቶ አነሱ። የኔን ከሩቅ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸውና ጠቀለልኩት። አንዱ እልል አለ።

ደ. ላብ በላብ ሆነ። በሽማግሌዎቹ ፊት ተናገረ። ጠመንጃው የሷ ነበር፣ አጎቴ ለሷ ነው የተናዘዘው፣ ሸጬባታለሁ። ቃል በቃል። ተሳሳምን። ጉንጩ ቀዝቅዞ ነበር። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

እሑድ፣ ኖቬ. 9፣ ቀን 9 ሰዓት

ትናንት ያልነገርኩህ አለ።

ወረቀቴ ላይ ያለው ቀዳዳ አሥር ነው። አምስቱ ትልልቅ፣ የኔ፤ ላይ ላይ ተበታትነዋል፣ አንዱ ጠርዙን ነው የነካው። አምስቱ ትንንሽ፣ መሃል ጥቁሩ ላይ፣ በመዳፌ የሚሸፈኑ። የኔ ጠመንጃ እንደዚያ ያለ ትንሽ ቀዳዳ አይበሳም። ደ. በችኮላ ተሳስቶ የኔን ወረቀት ነው የተኮሰው። በልጦኛል። ገና ከእንጨቱ ሳወርደው አየሁ። አይቼ ጠቀለልኩት። ከሩቅ የሚታየው ትልልቁ ብቻ መሆኑን አውቄ ነው ከፍ ያደረግሁት።

ጠመንጃው የኔ ነበር፣ ይሄ እውነት ነው። ታዲያ ወረቀቱን ለምን ደጋግሜ እዘረጋዋለሁ?

ለጋሽ ታደሰ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሌላ ማን ያውቃል አሉኝ። ማንም አልኳቸው። እንግዲያው ቅደጂው ልጄ፣ ሰላም ወርዷል አሉ። የኑዛዜውንም ነገር እኮ አባትሽ ሲሞቱ ያኔውኑ ሰምተን ነበር፣ ለሰላም ብለን ነው ዝም ያልነው አሉ።

ያኔውኑ! ሳሎኔ ድረስ መጥተው ሲያስታርቁኝ ያውቁ ነበር! በየድግሱ ጉንጬን ሲስሙኝ ያውቁ ነበር!

ስልኩን ዘጋሁት። ከሁሉም የሚያናድደኝ እኔም ወረቀቱን ስጠቀልል የነሱን ሥራ መሥራቴ ነው። ደ. ጠመንጃዬን ወሰደ፣ እኔ ተኩሱን ወሰድኩበት፣ ሽማግሌዎቹ ከላይ ሰላም ይደፉበታል። አልፈልግም። በሐቅ ነው ላዋርደው የምፈልገው። ብሸነፍም ልሸነፍ።

ለደ. እንዲህ ብዬ እነግረዋለሁ፦ መሃሉን የመታው አምስቱ ጥይት ያንተ ነው። ቅዳሜ ወረቀቱን ይዤ እመጣለሁ፣ በሰው ሁሉ ፊት እዘረጋዋለሁ፣ እንደገና እንተኩሳለን። ጋሽ ታደሰም ያኔ የሰሙትን እዚያው ቆመው ይናገራሉ። ይቅርታ ግን አልጠይቅህም።

ደወልኩ። እየጠራ ነው።