የእማዬ ቃል ከወንበሬ በላይ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለእታለም፤

ሰላምታውን ወዲያ ላቆየውና መጀመሪያ አንድ ጉዴን በጆሮሽ ልንገርሽ። ረቡዕ ዕለት፣ እኔ ይህን የማክል ሴት፣ አንዲት ደንበኛ በመስታወቱ በር ስትመጣ አይቼ መጋዘን ገባሁና ከሶፋ ጨርቅ ጥቅል ጀርባ ተደበቅኩ። ቁጭ ብዬ፣ ጉልበቴን አቅፌ። በቃ፣ ወጣልኝ። አሁን ሰላም ልበልሽ።

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ እንዴት ሆነ፣ ያ ከወንበር ስትነሺ “እህ” የሚያሰኝሽ ነገር ተወሽ? የእማዬስ ዓይን? ዛሬም ክሩን በመርፌ የማስገባው ራሴ ነኝ እያለች ትሟገታለች? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ ጤናዬን አላማም። ያመመኝ ኀፍረት ነው፤ እሱ ደግሞ ለሐኪም አይነገር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበትን የሶፋ ድርጅት ታውቂዋለሽ፤ ከፊት ማሳያው ክፍል፣ ከኋላ የመጋዙና የመዶሻው ጫጫታ፣ መሃል ላይ ደንበኛ ተቀባይዋ እኔ። አንድ ትልቅ ሆቴል ለክፍሎቹ ሁሉ ሶፋ ሊያሠራ አስቦ ሥራ አስኪያጃችንን “የድርጅታችሁ ተልዕኮ ምንድን ነው?” ብሎ ጠየቀው። የእኛ ሰውዬ ደግሞ “ሶፋ መሥራት ነዋ! ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?” ብሎ አረፈው። ሰዎቹ ሳቁና፣ እንዲህ አይደለም፣ በጽሑፍ ይሁን፣ ግድግዳ ላይም ይሰቀል አሉት።

ስብሰባ ተጠራን። ሒሳብ ሹሟ “ቀዳሚና ተመራጭ” የሚል ካልገባበት ሞቼ እገኛለሁ አለች። ሶፋውን ጨርቅ የሚያለብሰው ሰውዬ፣ ሁልጊዜ ምስማር በከንፈሩ ይዞ ስለሚያወራ “ምስማር” ነው የምንለው፣ “ተቀመጡ፣ አትነሱ ብላችሁ ጻፉ” ብሎ ሁሉንም አሳቀ። መጨረሻ ላይ ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞረ። የሠራተኛውን የልደትና የሰርግ ካርድ የምጽፍ እኔ ነኛ! “አንቺ ቃል ታውቂበታለሽ፣ ጻፊው” አለኝ። ምን ልዋሽሽ፣ ደረቴ ተነፋ።

በመጀመሪያው ወረቀት ላይ “የላቀ ጥራት”፣ “ዘላቂ እርካታ” እያልኩ ደረደርኩት። ሥራ አስኪያጁ አነበበና “ይሄማ ለሳሙና ፋብሪካም ይሆናል” አለኝ። እውነቱን ነው። ያን ጊዜ እማዬ ትዝ አለችኝ። የሰፋችው ቀሚስ ሲመለስባት፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳትጠይቅ፣ የጀመረችውን ሻይ እንኳ ሳትጨርስ ትተረትረው አልነበር? “የእጄን ጥፋት ሰው ቤት አላሳድርም” እያለች? እኔም “የእጃችንን ጥፋት ሰው ቤት አናሳድርም” ብዬ ጻፍኩ። ይኸው ነው፤ ሌላ አልጨመርኩም። ሥራ አስኪያጁ ደጋግሞ አነበበውና “ይሄን ከየት አመጣሽው?” ቢለኝ፣ እታለም፣ ምላሴን ይቁረጠውና፣ “እንዲሁ መጣልኝ” አልኩት። ተጨበጨበልኝ። በወርቃማ ቀለም ተጽፎ ልክ ከወንበሬ በላይ ተሰቀለ። እኔም ከሥሩ ተጀንኜ ተቀመጥኩ።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት ጡረተኛ ነርስ መጡ። ከእኛ የገዙት ሶፋ፣ የልጃቸው የወደፊት አማቶች ለትውውቅ በመጡበት ቀን፣ አማትየው ገና ቁጭ ከማለታቸው መሃሉ ተሰብሮ ዋጣቸው። “ጎትተን ነው ያወጣናቸው” አሉኝ፣ እሳቸው ሳይስቁ። ሥራ አስኪያጁን ብጠይቀው “የዋስትናው ጊዜ አልፏል በያቸው” ብሎኝ በሩን ዘጋ። እኔም ተመልሼ አልኳቸው። እዚያው ጽሑፍ ሥር ቁጭ ብዬ አልኳቸው። አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። መነጽራቸውን አውጥተው ከራሴ በላይ ያለውን ቀስ ብለው አነበቡና “ይሄን ማን ጻፈው ልጄ?” አሉኝ። “ድርጅቱ ነው” አልኳቸው። “አይ፣ ድርጅት እንዲህ አይናገርም። ይሄን የጻፈውን ሰው እናት አሳድጋዋለች” ብለው መነጽራቸውን አጥፈው ወጡ። ያ ሶፋ ምነው እኔን በዋጠኝ አልኩ።

እንግዲህ ረቡዕ እንደገና ሲመጡ ነው የተደበቅኩት። ያገኘኝ ምስማር ነው፣ ጨርቅ ሊወስድ ገብቶ። “ውይ! ያላለቀ ወንበር መስለሽኝ ላለብስሽ ነበር እኮ” አለ። ከዚያ ምስማሮቹን ከአፉ አወጣ። እሱ ምስማሩን ካወጣ ነገሩ የምር ነው ማለት ነው። “ሴትዮዋ ጠብቀው ጠብቀው ሄዱ። አንቺ ግን እስከ መቼ እዚህ ትኖሪያለሽ? ወይ ያንን ጽሑፍ አስወርጂው፣ ወይ ሶፋውን አስመጪው፤ እኔ እሠራዋለሁ” አለኝ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። “ለአንዷ ከሠራን ነገ ሁሉም ሶፋውን ተሸክሞ ይመጣል” አለኝ። እንግዲያው ጽሑፉ ይውረድ ስለው ሳቀብኝ። “ሰኞ ጠዋት የሆቴሉ ሰዎች ሊያዩት እየመጡ? እንዲያውም ከሥሩ ቆመሽ የምታስረጃቸው አንቺ ነሽ” አለኝ። እኔ? ምን ብዬ? እማዬ የማታሳድረውን ጥፋት እኛ ሰው ሳሎን ውስጥ እንዳከረምነው?

ትናንት ለሴትዮዋ ስልክ ደወልኩ። ሰኞ ጠዋት ይምጡ፣ አልደበቅም አልኳቸው። “ጊዜው አልፏል ብለሽኝ አልነበር?” አሉኝ። ብዬ ነበር፣ ጽሑፉንም የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ ቃሉ ግን የእናቴ ነው፣ የራሴ አስመስዬ ነው ያቀረብኩት አልኳቸው። “እናትሽ አሉ?” አሉኝ። አለች አልኳቸው። “እንግዲያው እመጣለሁ” ብለው ዘጉት።

ከጀርባው እንዳልሠራም ለሥራ አስኪያጁ ነግሬዋለሁ። ስለ ጽሑፉ የማስረዳው ሴትዮዋን ከጎኔ አስቀምጬ ነው፣ ቃሉ የማን እንደሆነም እናገራለሁ አልኩት። ቀላ፣ ጠቆረ፣ “እንተያያለን” ብቻ አለኝ። ሥራዬን ላጣ እንደምችል አላጣሁትም። ግን እዚያ ወንበር ላይ አንገቴን ደፍቼ ከመዋል ይሻለኛል።

ይህን ደብዳቤ ለእማዬ አንብቢላት፤ “እንዲሁ መጣልኝ” ያልኩትንም እንዳትዘይው። ብትቆጣ ትቆጣኝ፤ ብትስቅ ግን ቶሎ ጻፊልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለባለቤትሽ፣ ያ ሬዲዮው ካልጮኸ እንቅልፍ የማይወስደው፣ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ትልቋን በርቺ በያት፤ መንትዮቹን ጉንጫቸውን ቆንጥጪልኝ፣ ትንሽ እስኪቀላ ብቻ። ጎረቤታችን አናጺውንም ሰላም በይልኝ፤ እሳቸው የሠሩት አግዳሚ ወንበር ማንንም ውጦ እንደማያውቅ ንገሪያቸው።

ሰኞ ማታ እጽፍልሻለሁ። ወንበሬ ላይ ብቆይም፣ ወንበሬን ይዘውብኝ ብባረርም፣ እንዳለ ሳልቀባባ ነው የምነግርሽ።

ታናሽ እህትሽ

ከተከራየኋት ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር፤ እሑድ፣ ጥር ፳፮ ቀን