የኤርሲሊያ ቋጠሮዎች

ፔውሞ፣ በጥቅምት አጋማሽ

ውድ አበልጄ ኤርሲሊያ፣

ፖስታው ላይ የእኔን ጽሕፈት ስታዪ ሳትከፍቺው ምድጃ ውስጥ ልትከቺው ትችያለሽ። ብታደርጊውም አልፈርድብሽም። የክርስትና ልጅሽ ዴልፊና ግን «ካላነበበችው አንቶፋጋስታ ድረስ ሄጄ እኔው አነብላታለሁ» ብላለች። አመሏን ታውቂዋለሽ፤ ለእሷ ስትዪ አንብቢው።

ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ያን የመጋቢት ቀን አንቺም አልረሳሽው፣ እኔም አልረሳሁት። ሜርሎ በምንለው የወይን ዘር መሃል እየዞርሽ አንዳንዱ ግንድ ላይ ቀይ የሱፍ ክር ታስሪ ነበር። ምን እየሠራሽ እንደሆነ ስጠይቅሽ፣ «እነዚህ ሜርሎ አይደሉም፣ ሌላ ዘር ነው የተደባለቀው። በጸደይ ለጋ ቅጠላቸውን ገልብጠህ እየው፣ ጀርባው ይቀላል። ፍሬያቸውም ገና ነው፤ እስከ ግንቦት ተዋቸው» አልሽኝ።

እኔ ካቦው፣ አርባ ለቃሚ በቆመበት፣ «ሜርሎ ሜርሎ ነው። የሰነፈው ወይኑ ሳይሆን ለቃሚዋ ናት» አልኩሽ። ሰው ሳቀ። አንቺ «ቃሪያ ቃሪያ የሚል ወይን ጠጅ ከወደድክ ራስህ ልቀመው» ብለሽ ቅርጫትሽን መሬት ላይ አስቀመጥሽ። እልህ ያዘኝ። ከቅርጫትሽ ባነሣሁት በገዛ መቀስሽ ክሮችሽን አንድ በአንድ ቆረጥኳቸው። በሳምንቱ አንቶፋጋስታ ልጅሽ ጋ ሄድሽ፤ ወይን ቀርቶ ሣር እንኳ ወደማይበቅልበት በረሃ። ልሸኝሽም አልወጣሁም።

አምና አንድ የውጭ አገር የወይን ሊቅ መጣ። ቅጠል ገለበጠ፣ ዘለላ አገላበጠ፣ ከዚያ «ይኼ ሜርሎ አይደለም፣ ካርሜኔር ነው። በትውልድ አገሩ ከጠፋ ቆይቷል» አለ። የእርሻው ጌታ ዶን ባልታሳር ወደ እኛ ዞሮ «ከእናንተ መሃል ይህን ያወቀ ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

አበልጄ፣ ከክሩም በላይ የማፍረው በዚህ ነው። «እኔ ከድሮም ጠርጥሬ ነበር» አልኩት። ከአፌ አመለጠኝ እንዳልል አላመለጠኝም፤ አስቤ ነው ያልኩት። ዶን ባልታሳር ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፣ እኔም ደስ አለኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ፣ የእኔ የጠራው በዚህ መስከረም ነው። ዶን ባልታሳር ጠራኝና «ካወቅከው ግንድ በግንድ ለይተህ ምልክት አድርግልኝ። ለብቻው ይለቀማል፣ ለብቻው ይጠመቃል» አለኝ። ጉድ ፈላ። ምኑን አውቄ? በስድሳ ዓመቴ ጭቃ ላይ ተንበርክኬ የቅጠል ጀርባ አያለሁ። የመጀመሪያው ቀን ሁሉም አረንጓዴ ሆነብኝ፣ በማግስቱ ሁሉም ቀይ። በሳምንቱ ዓይኔ ለመደ። የሜርሎው ለጋ ነጣ ይላል፤ ያኛው እንዳፈረ ሰው ጆሮ ይቀላል።

ከዚያ አንዱን ግንድ ስደግፍ ጣቴ የሆነ ነገር ነካ። ያንቺ ቋጠሮ ነው። ክሩን ከፊት ቆርጬው ኖሮ፣ ቋጠሮው ከኋላ ቅርፊት ውጦት ቀርቷል። ሌላም ፈለግኩ፣ ሌላም አገኘሁ። ሁሉም አልተረፉም፤ የተረፉት ስድሳ ሁለት ናቸው። ቋጠሮ ባገኘሁበት ቅጠሉን እገለብጣለሁ፣ ይቀላል። ሠላሳኛው ላይ ስደርስ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ወይን ጠጁንም ልንገርሽ። ባለፈው ግንቦት ሊቁ ያሳየንን የቦዩን ዳር ጥግ ሳንለቅም አቆይተን ለብቻው ጠምቀነው ነበር። ስኳር የለውም፣ ግን አፍ አያኮማትርም። ቃሪያዋ ከሩቅ ትሸታለች እንጂ አትጮህም፤ የበሰለ እንጆሪ ይከተላታል። ስንት ዓመት ሙሉ ቃሪያ በሸተተን ቁጥር በርሜሉን ስንሰድብ ኖረናል፣ ጥፋቱ የእኛ ጥድፊያ ነበር።

ሰኞ ዕለት ዶን ባልታሳር ዘንድ ገባሁ። «ያወቀችው ኤርሲሊያ ናት። እኔ ነኝ ያባረርኳት» አልኩት። «ታዲያ አንተን ምን ላድርግህ?» አለኝ። «እሷን እስክጠራት አቆየኝ» አልኩት። እስካሁን አላባረረኝም፤ መቀስሽንም ስዬልሽ አስቀምጫለሁ።

አንድ ነገር ላይ ግን አልተስማማንም። ከቦዩ መዝጊያ አጠገብ ያለው ሦስተኛው ግንድ ላይ ቋጠሮሽ አለ። ለእኔ ግን ቅጠሉ ነጭ ነው፣ ሜርሎ ነው። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ አየሁት። ወይ አንቺ ተሳስተሻል፣ ወይ እኔ። ቅጠሉ ሳይጠነክር፣ ቀለሙም ሳይጠፋ ነይና ሠራተኛው ሁሉ በቆመበት ፍረጂ። ማን እንደተሳሳተ መገመት አያቅተኝም፤ ሲስቁብኝ ግን አንቺም ቆመሽ እንድትስቂ ነው የምፈልገው።

አበልጅሽ
ኖልቤርቶ