ከቢሮዬ የወጣው ጠረጴዛ

ጥቅምት 12 ቀን 2006

ጠዋት ዝናብ። ጄኔሬተሩ ዛሬም እምቢ አለ። የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ላክሁ፣ ከሰዓት ስብሰባ... ሆስፒታል ማስተዳደር ማለት ይኸው ነው።

ስብሰባው ሳያልቅ አዋላጇ ቀጸላ ጠራችኝ። ከማንኪራ ቀበሌ የመጡ ሴት፣ እትዬ ላቀች። ስምንት ወር ደም ሲፈሳቸው ለማንም አልተናገሩም። የማህፀን በር ካንሰር... ዘግይቷል። ሐኪሙ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፈላቸው። ወረቀቱን አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት።

"አዲስ አበባ ማን አለኝ፣ ልጄ? እዚህ ከሌለ የለም ማለት ነው።"

ሥራ አስኪያጅ ተብዬ እስከ በር ሸኘኋቸው፣ በቃ!

ጥቅምት 21

አለቃዬ፣ የካፋ ዞን ጤና መምሪያ ኃላፊው አቶ ተክለጻድቅ ዘንድ ሄድኩ። ካንሰር ከመሆኑ በፊት ከተገኘ እኮ እዚሁ ቦንጋ ይታከማል! ቀጸላ ሠልጥናለች። ኮምጣጤ የመሰለ ፈሳሽ ትቀባለች፣ የታመመው ቦታ ይነጣል፣ በማቀዝቀዣ መሣሪያ ታክመዋለች። መሣሪያው ከነካርቶኑ መጋዘን ተቀምጧል። የጎደለው አንድ ክፍል ብቻ።

ደብዳቤዬን አላነበቡትም። "ሲስተር መኪያ፣ ካንሰር በዘንድሮው ዕቅድ ውስጥ የለም። ወባው ላይ አተኩሪ።"

"በሽታው ዕቅድ አይቶ ነው እንዴ የሚመጣው?"

"ክፍል የለም። ጨረስኩ።"

የለም?... አለ እንጂ።

ጥቅምት 24

ቢሮዬን ለምርመራው ለቀቅኩ። ጥበቃዎቹ ጠረጴዛዬን ተሸክመው ኮሪደር ላይ አኖሩት፣ ከካርድ ክፍል ጎን።

መጋረጃ ፍለጋ አባቴ ጨርቅ ሱቅ ሄድኩ።

"ሳይፈቅዱልሽ? ያባርሩሻል።"

"ያባርሩኛ!"

ጨርቁን ለካ። ከዚያ ሁለት ሜትር ጨምሮ ቀደደ። "ያጥርሻል" አለኝ።

ኅዳር 3

ዘጠኝ ቀን። አንድም ሴት! ያልፋሉ፣ በሩን ያያሉ፣ ያንሾካሽካሉ። "ያፍራሉ" አለች ቀጸላ።

እኔስ? አርባ አንድ ዓመቴ ነው፣ ተመርምሬ አላውቅም... ለሰው መንገር እንዴት ይቀላል!

ተነሳሁ። ልጅ ሊያስከትቡ ተራ የያዙት ሴቶች ሁሉ እያዩኝ ገባሁ። በሩን ዘግቼ አልጋው ላይ ወጣሁ።

የነጣ ነገር የለም። አልሐምዱሊላህ። ስወጣ ጮክ ብዬ "አያምም!" አልኳቸው። አንዷ ልጇን ለጎረቤቷ አቀብላ ተነሳች። ከዚያ ሌላዋ... እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ስድስት ሴቶች።

ታኅሣሥ 9

እትዬ ላቀች አርፈዋል። የነገረችኝ ልጃቸው ዮሀና ናት። ከለቅሶው በኋላ አራት ጎረቤቶቿን ይዛ ከማንኪራ በእግሯ መጣች።

"እናቴን በገደላት አልሞትም" አለች።

እሷ ላይ ነጭ ቦታ ተገኘ። ቀጸላ እዚያው አከመቻት። አሥራ አምስት ደቂቃ። አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ! እናቷም ቀደም ብለው ቢሆን...

ኮሪደር ላይ አለቀስኩ። ሰው ይየኝ፣ ምን አገባኝ።

ጥር 18

አቶ ተክለጻድቅ መጡ። ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ሲያገኙኝ ፊታቸው ጠቆረ።

"ቢሮውን በሦስት ቀን ውስጥ መልሺ!"

መዝገቡን ዘረጋሁላቸው። ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ሴቶች ተመርምረዋል፣ አሥራ ሦስቱ ታክመዋል።

"ከአሥራ ሦስቱ የትኛዋን 'አይገባሽም ነበር' ልበላት?"

መዝገቡን ዘግተው ወጡ።

ጥር 26

ደብዳቤ ደረሰኝ። ከሥራ አስኪያጅነት ተነስቼ ወደ ገጠር፣ ደካ ጤና ጣቢያ፣ ተራ ነርስ። ተናደድኩ... አልዋሽም።

ቀጸላ ግን "ቁልፉን ለማንም አልሰጥም" አለች። በቦታዬ የተተካው አቶ ፍቅሩም ቢሮውን ሊረከብ መጣ፣ ሰልፉን አየ፣ በሩ ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ኮሪደር ላይ ወንበር ስቦ ቁጭ አለ።

የካቲት 14

ደካ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ወልደሥላሴ ገና ስገባ "ክፍል የለንም፣ ሲስተር" አለኝ። የካርቶን ማከማቻውን አሳየሁት። ሳቀ። ካርቶኖቹን ራሱ ማውጣት ጀመረ።

ዛሬ የምርመራው የመጀመሪያ ቀን፣ ቀጸላ እንዳሳየችኝ አሥራ አንድ ሴቶች መረመርኩ። ሁለቱ መታከም አለባቸው። ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ ቀጸላ እወስዳቸዋለሁ።

ቅጣት ብለው ነው የላኩኝ... እሺ። ደግመው ይቅጡኝ። ካፋ ሰፊ ነው።