ሰባተኛው ጥያቄ

ረቡዕ

ፈትያ ሰባተኛውን ጥያቄ ዛሬም አልተቀበለችኝም። የገለምሶ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ቤቴ እየመጣች አስጠናታለሁ። ማትሪክ ስትፈተን ይህ ሁለተኛ ጊዜዋ ነው፤ ካላለፈች አባቷ ሱቅ ያስገባታል። ጥያቄው በስቴንስል ካባዛሁት የኬሚስትሪ የሞላሪቲ መልመጃዬ ነው፦ 50 ሚሊ ሊትር ባለ 2 ሞላር አሲድ 0.5 ሞላር እንዲሆን ስንት ሚሊ ሊትር ውሃ ይጨመርበታል? የመልስ ወረቀቴ 200 ይላል። እሷ 150 አለች። በቀይ ኤክስ አደረግሁባት።

«ጋሼ፣ አንድ ስኒ ሸርባት ቀጥኖ አራት ስኒ ይሁን ቢሉኝ፣ አራት ስኒ ውሃ ልጨምርበት? አምስት ይሆናል እኮ።»

«ሸርባትና አሲድ አንድ አይደለም» አልኳት። ወረቀቷን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። አለመከራከሯ አልጣመኝም።

ሐሙስ

ጠዋት ሠራሁት። 50 በ2 ሲባዛ 100፤ ለ0.5 ሲካፈል 200። ደህና። ግን 200 ጠቅላላው መጠን ነው። ሃምሳው ቀድሞውንም ብርጭቆው ውስጥ አለ። ውሃው 150 ነው።

ሦስት ጊዜ ደገምኩት። በስኒም ለካሁት።

በዚህ ወረቀት ስንት ዓመት አስተማርኩ? አሰበ ተፈሪ ውስጥ በሂሳብ ስህተት የሚታማ መምህር ቢኖር እኔ አልነበርኩም። ጡረታ ስወጣ ወረቀቱን ለትምህርት ቤቱ ትቼው ወጣሁ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ዛሬም የሚያጠኑት እሱን ነው። ፈተናው ሰኞ ነው።

የቀበሌ ስብሰባ እንደነበረ ረስቼ ቀረሁ። መቅረቴ ይጻፍብኛል። ይጻፍ።

ዓርብ

የኬሚስትሪውን መምህር ጀማልን ላብራቶሪ አገኘሁት። የራሴ ተማሪ ነበር። ወረቀቱን ብዙ አየው።

«እኔም ያን ጊዜ 150 ብዬ ነበር፣ ጋሼ። ኤክስ አደረጉብኝ።»

«ታዲያ ለምን 200 ብለህ ታስተምራለህ?»

«ወላሂ፣ እርስዎ ይሳሳታሉ ብዬ አስቤ አላውቅም። ራሴን ነው የተጠራጠርኩት።»

ክፍል አብረን ገባን። ሰሌዳው ላይ እኔው ጻፍኩት፣ እኔው አስተካከልኩት። ከኋላ አንዱ «ጋሼም ይሳሳታሉ እንዴ?» አለ፤ ሳቁ። መውጫው ላይ ጀማል «ያን ጊዜ የቀነሱብኝ ሁለት ነጥብስ?» ሲል ቀለደብኝ። መሳቅ አቃተኝ።

ሁለት ተማሪዎች አልነበሩም። ሚኤሶ ቤተሰባቸው ጋ ሄደዋል። ወደዚያ ለሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር እርማቱን የጻፍንበት ወረቀት ሰጠን።

ቅዳሜ

«ልክ ነበርሽ» አልኳት ፈትያን።

«አውቃለሁ።»

«ለምን አልተከራከርሽም?»

«በቀይ ኤክስ አድርገውበት?»

ሰኞ

ከፈተናው በፊት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ፈትያ ሰላም ብላኝ ገባች። ከሚኤሶዎቹ አንዱ መጣ፤ ወረቀቱ ደርሶታል። ጓደኛውን ግን ከዓርብ ወዲህ አላየውም።

ደወሉ ከተደወለ በኋላ ሁለተኛው እየሮጠ ደረሰ። ዘበኛው ሊዘጋ ሲል ሾልኮ ገባ።

«ሃምሳውን ቀንስ» አልኩት ከኋላው።

ሳይዞር እጁን አነሳ። ሰምቶኝ ይሁን ሰላም ማለቱ ይሁን አላወቅሁም።