እናትየዋ አልሞተችም

ጥር 6
የተውኔት ፈተና ማረም ጀመርኩ። ሁሉም አንድ ዓይነት... «እናትየዋ በልጆቿ ክህደት ልቧ ተሰብሮ ሞተች።» ኢንተርኔት ላይ ካለ አንድ ድረ ገጽ ማጠቃለያ ቃል በቃል። ተውኔቱን ከፍቶ ያየ አንድ ሰው እንኳ የለም? አስጠሉኝ።

ጥር 7
አንዷ ብቻ ተለየች። ከኋላ የምትቀመጠው፣ ጓደኞቿ «ድምፅ አልባዋ» የሚሏት። «ኮሜዲ ነው» ብላ ጽፋለች። እናትየዋ የሞተች መስላ ተኝታ የልጆቿን ጉድ ትሰማለች፣ በመጨረሻም ተነስታ በመጥረጊያ ታባርራቸዋለች። ልክ ናት። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት።

ጥር 9
የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ጠራኝ። አዲሱን መማሪያ መጽሐፍ «ያዘጋጀው» እሱ ነው... ከድረ ገጹ ገልብጦ።
«መልሱ መጽሐፉ ላይ ያለው ነው፣ እህቴ። ዜሮ ስጫት።»
«ተውኔቱን አንብበኸዋል?»
«መድረክ ላይ ሲታይ የተቀረጸውን ቪዲዮ አይቻለሁ።»
ዜሮ ካገኘች ትወድቃለች፣ ከወደቀች ትባረራለች። እሱ ምን ቸገረው? ዓይኑን በጨው ያጠበ።

ጥር 10
እኔም ቪዲዮውን አየሁት። እናትየዋ ትወድቃለች፣ ልጆቿ ዋይ ዋይ ይላሉ... ከዚያ ጨለማ። አዳራሹ መብራት ጠፍቶበት ነው! የሚቀርጸው ሰው ሲራገም ይሰማል። ድረ ገጹ ከቪዲዮው፣ መጽሐፉ ከድረ ገጹ፣ ተማሪው ከመጽሐፉ... ዕውር ዕውርን እየመራ ተያይዘው ገደል። ስንቱን ተማሪ በኮሜዲ አስለቀስን? ባያስጠላኝ ያስቀኝ ነበር።

ጥር 13
ተውኔቱን ከቤተ መጻሕፍት አወጣሁት። አቧራው አስነጠሰኝ። ተማሪዎቹን ሰብስቤ፣ ኃላፊውንም ጠርቼ፣ የመጨረሻውን ትዕይንት አስነበብኩ። እናትየዋን ድምፅ አልባዋ ሆነች። ጠረጴዛ ላይ ተጋድማ ቆየችና ቀና አለች።
«ሬሳዬ ሳይቀዘቅዝ በአልጋዬ ትጣላላችሁ?»
ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ኃላፊውም ሳቀ፣ ራሱን ረስቶ። ከዚያ ፊቱ ተኮሳተረ።
«ተያት፣ ትለፍ» አለኝ ሲወጣ። ምጽዋት የሰጠ መስሎት።

ሰኔ 8
ልጅቷ አልፋለች። አሁን «እናትየዋ» ነው የሚሏት። በኮሪደሩ ጮክ ብላ ስትስቅ ሰማኋት።
የተሻሻለው መጽሐፍም ደረሰ። ቶሎ ያንን ገጽ ገለጥኩ። «እናትየዋ በልጆቿ ክህደት ልቧ ተሰብሮ ትሞታለች። ቆይታም ትነሳለች፤ ይህም የትንሣኤ ተምሳሌት ነው።»
ማን አማከረኝ? ማንም። ሽፋኑ ላይ ግን ከኃላፊው ስም ሥር፣ «አርታኢ» ተብሎ፣ የእኔ ስም አለ።
ሄጄ እጄን ታጠብኩ።