ግማሽ ልጩ፣ ግማሽ ማዶ

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 4

ዛሬም እንደ ሌላው ቅዳሜ። ሚስተር ታልማጅን ግማሽ ላጭቼ... ስልካቸውን አዩና ብድግ! ጨርቁ አንገታቸው ላይ እንደታሰረ መንገዱን ተሻግረው ሮጡ። በሰባ ዓመታቸው። ሊያርዷት እንዳሯሯጧት ዶሮ።

ያው ውርርዱ ነዋ። የሰው ለሰው ውርርድ። አንዱ “በቅሎዎቹ ያሸንፋሉ” ይላል (የከተማችን የኳስ ቡድን ናቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጫወታሉ)፣ የትም ያለ ሌላ ሰው “አያሸንፉም” ይላል፣ ስልኩ ያገናኛቸዋል። ዋጋው በየደቂቃው ይወጣል ይወርዳል። ሌላው ውርርድ እኛም ጋ ይቻላል፣ ይሄኛው ግን ክልክል። ከመንገዱ መሀል፣ ከቢጫው መስመር ወዲያ ግን ሌላ ግዛት ነው። እዚያ ይቻላል። ስለዚህ ሽማግሌው ሁሉ ይሮጣል።

ማዶ ደግሞ ፐርሲ በሩ ላይ ቆሟል። እሱም ፀጉር ቆራጭ ነው፣ እባብ።

“ይግቡ ሚስተር ታልማጅ፣ ያቺን ግማሽ እኔ ልጨርስልዎ።”

ገቡ! እኔ የጀመርኩትን ጭንቅላት ይዘው! ብሩሼን ወርውሬ በሩን መታሁት።

አጎቴ ክሌመንት፦ “ኦዴሳ፣ ንዴትሽን ዋጥ አድርጊው።”

“ጠግቤያለሁ!”

ወንበሬ ጀርባ ላይ “የሚሸጥ” የሚል ወረቀት ለጥፏል። ስምምነታችን ነው። ትምህርቱን ጥዬ ስመጣ ሁለተኛውን ወንበር ሰጠኝ፤ እስከ ምስጋና ቀን (ኖቬምበር 27) ቅዳሜ ቅዳሜ ካልሞላሁት ይሸጠዋል። ከዚያ ምን ልሆን? ተመልሼ አልጀብራ?

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11

እኛ ጋ ሦስት ሰው። ፐርሲ ጋ አሥራ አንድ። በመስኮት ቆጠርኩ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

“ወንበሬን ይዤ ማዶ ልሻገር” አልኩት አጎቴን።

“የፀጉር ፈቃድም እንደ ውርርዱ በየግዛቱ ይለያል። ያንቺ የተለማማጅ ፈቃድ ከቢጫው ወዲያ ተራ ወረቀት ነው።”

ቆይ... ፀጉር እዚህ ይቻላል፣ ውርርድ እዚያ ይቻላል። አንድ ሰውዬ ግን ሁለቱንም የሚፈልገው በአንድ ሰዓት። ማነው ይሄን አገር የቆራረጠው?

ሚስተር ታልማጅ ሊታረቁኝ የስኳር ድንች ኬክ ይዘው መጡ። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድተዋል።

“ልጄ፣ አንዱ ግዛት ውስጥ በነፃ የምትተኩሺው ርችት ቀጣዩ ግዛት ውስጥ ያሳስርሻል። ይሄ አገር ሃምሳ አጥር ነው።”

ኬኩን በላሁ። ይቅር ግን አላልኩም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

እንቅልፍ ነሳኝ። የሃምሳው አጥር ነገር... ካርታ ላይ የኛ አጥር ቀጥ ያለ ነው፣ በማስመሪያ የተሰመረ። መንገዱ ግን እኛ ደጅ ሲደርስ ይጎብጣል! ታዲያ ቢጫው ቀለም እንዴት የግዛት መስመር ይሆናል? ቀለሙ እኮ የመንገዱን ጉብጠት ተከትሎ ነው የሚሄደው!

የመሬት መዝገብ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ “ለምን ፈለግሽው?” አለች። “ለፀጉር” አልኳት። አቧራ የለበሰ ካርታ አወጣችልኝ።

መስመሩ ቤታችን ውስጥ ነው የሚያልፈው!!

አርብ፣ ኦክቶበር 17

ሚስተር ታልማጅን ከጓዳችን ጀምረው ወደ ደጁ እንዲራመዱ አደረግኩ። ስልኩን ራሳቸው ያዙ፤ እኔ ሃያ አንድ ስላልሞላኝ አልነካም። አንድ እርምጃ፣ ስልኩ “በዚህ ግዛት አይፈቀድም።” ሌላ እርምጃ፣ “አይፈቀድም።” በመታጠቢያው በኩል፣ “አይፈቀድም።” የተራ መጠበቂያው አግዳሚ ጋ ስንደርስ...

“እንኳን ደህና መጡ!”

አጎቴ መቀሱ ከእጁ ወደቀ። “ታዲያ እስከ ዛሬ ይሄን ሁሉ ሰው ምን ሲያሯሩጠው ኖረ?”

ማን ሞክሮ ያውቃል? ሁሉም ቢጫውን አምኖ ይሮጣል።

ወንበሬን ወደ ፊት፣ መስመሩ ላይ ገፋሁት። ራስ ማስደገፊያው ወዲህ፣ እግር ማሳረፊያው ወዲያ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 25

አሥራ አራት ሰው!!! አግዳሚው ላይ ቦታ ጠፍቶ ቆመው ጠበቁኝ። እጄ ዝሏል። ደስ ሲል...

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

ፐርሲ ከሰሰኝ። “ያለ ፈቃድ ማዶ ፀጉር ትቆርጣለች” ብሎ። የፀጉር ፈቃድ ተቆጣጣሪ መጣች፣ ሜትርና ካርታ ይዛ። አጎቴ በዓይኑ “ዋጥ አድርጊው” ይለኛል። ካልፈቀደች ወንበሩ አለቀለት።

“ፀጉር የምትቆርጪው የት ነው?”

“ጭንቅላት ላይ።”

“ጭንቅላቱስ የት ነው ያለው?”

“እዚህ ግዛት።”

“እጁስ?”

“ማዶ።”

“እጁ ምን ይሠራል?”

“እኔ ምን አገባኝ? የኔ ፈቃድ የጭንቅላት ነው።”

ሜትሯን ዘረጋች። ለካች። ደግማ ለካች።

“ከመስመሩ ወዲያ ወለሉ ላይ የወደቀው ፀጉርስ?”

“እሱ ተሰዷል።”

ሴትዮዋ ሳቋ አምልጧት ወረቀቷ ተበተነ። በመስመሩ ላይ ቀይ ፕላስተር አስለጠፈችኝ፣ “ከዚህች እንዳታልፊ” አለች፣ ፈረመች። ፈረመች!

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 22

ወንበሬ ከጠዋት ጀምሮ አልቀዘቀዘም። በቅሎዎቹ እየመሩ ነው፣ ቤቱ ገበያ ሆኗል። አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ፐርሲ! ሁሉም ወደ በሩ ዞረ።

“ፀጉር ቆራጭ የራሱን ማጅራት አያይም” አለ፣ መሬት መሬት እያየ። “ከተማው ሁሉ ደግሞ ወደ አንቺ ነው የሚመጣው።”

ተቀመጠ። ማጅራቱ እጄ ላይ። ግማሹን ላጨሁ። ማሽኑን አጠፋሁ። ጨርቁን አራገፍኩ።

“ጨረስኩ።”

“ምኑን?”

“ግማሹን። ቀሪውን ማዶ ይጨርሱልዎታል።”

ጣሪያው ሊነሳ ደረሰ! ሚስተር ታልማጅ በሳቅ ከአግዳሚው ተንሸራተው ወረዱ። ፐርሲ መስታወት አየ... ግማሽ ልጩ፣ ግማሽ ጎፈሬ። ቀላ። ጠቆረ። ከዚያ እሱም ሳቀ፣ እንባው እስኪመጣ።

“ይገባኛል። በይ ጨርሺልኝ፣ አንቺ እሳት።”

ጨረስኩለት። እንደዚያ አሳምሬ ቆርጬ አላውቅም።

ማታ ስንዘጋ አጎቴ “የሚሸጥ” የሚለውን ወረቀት ላጠው። ገልብጦ “የኦዴሳ” ብሎ ጻፈበት፣ መስታወቴ ላይ ለጠፈው። ምስጋና ቀን ገና አምስት ቀን ይቀረዋል እኮ!

“ንዴቱንስ፣ ዋጥሽው?”

“ኧረ! ላጭቼ ማዶ ሰደድኩት።”